ዶሮዋ የጮኸች ዕለት

ቴማ፣ ሜይ 9፣ 1998

እትዬ አቤንለማ፣

ዝም ያልኩት ረስቼሽ አይደለም፤ አፍሬ ነው። «ወንድም ነበረኝ ብዬ ለሰው ልናገር ነው» ያልሽውን ካነበብኩ ወዲህ ምግብ አልበላልኝ ብሏል። ይቅር በይኝ። አንቺ እንዴት ነሽ? የእማዬ እግርስ? በጭስ ያደረቅሽው ዓሳ ደርሶኛል። ማለቴ የአክሲሙ ሹፌር በልቶ ያስተረፈው ደርሶኛል። ሌባ ነው ስልሽ ስንት ጊዜዬ ነው፣ አንቺ ግን «ጨዋ ልጅ ነው፣ ደብዳቤ አይጥልም» ትያለሽ። እውነትሽን ነው፣ ደብዳቤ አይበላማ።

ለጥያቄሽ፣ አይ፣ ዶሮዋ አልሞተችም። የሰፈራችን የኤንሎዋ ሰው የፈለገውን ይበል። ተንሳፋፊውን የመብራት ማመንጫ ጎትተው ሐይቃችን ላይ ያሰሩት ዕለት «ይቺ ነገር ዶሮ ናት እንዴ? ታቀፈች እኮ!» ብላ ስም ያወጣችላት እማዬ ናት፤ ይኸው እንደታቀፈች ስድስት ዓመቷ። ግን ጥፋቱ የሷ አይደለም። ፈረንጆቹ ብድሩን ሰጡ፣ ብረቷንም ሠርተው ላኩ። ጋዙ ከባህራችን ሥር አለ፣ ማንም አልካደም። ከዚያ የነዳጁ መሥሪያ ቤት «የኔ ናት» አለ፣ የመብራቱ መሥሪያ ቤት «የኔ ናት» አለ፤ ሲበላሽ ደግሞ ሁለቱም «የሱ ናት» ተባባሉ። ቧንቧው ሲመጣ ከማመንጫዋ አፍ ጋር አልገጠመም። መሐንዲሶቹ ደመወዝ ሲቋረጥባቸው ሻንጣቸውን ያዙ። ገመዱን ማን ቆርጦ እንደሸጠው አንቺ ከኔ ይበልጥ ታውቂያለሽ፤ መዳቡን አምባር ሆኖ በየሴቱ ክንድ ላይ አይተሽዋል።

አሁን ግን አዲስ ነገር አለ። አበዳሪዎቹ «ወይ ሞተሯ ተነስቶ ትዙር፣ ወይ ለቁርጥራጭ ብረት ትሸጥ» ብለዋል። ኦገስት ውስጥ በነዳጅ ዘይት ልትሞከር ነው። ከዞረች እሷ ላይ ያለው የሥራ መደብ የኔ ነው፤ ከዚህ ከቴማ ማመንጫ ወደ ቤቴ እዛወራለሁ።

«ለምን ለገናም ብቅ አትልም» ላልሽው መልሱን አንቺም ታውቂዋለሽ። ጀልባ ማሰሪያውን አሸዋ ለማመንጫው ስጡ ብዬ ሰፈሩን ለምኜ ያሰጠሁት እኔ ነኝ። ሐሙስ ቀን፣ ማንም ባህር በማይገባበት ቀን፣ ሕዝቡ ሁሉ በቆመበት «መብራት ሳልይዝ ይህን አሸዋ ብረግጥ ሰው አትበሉኝ» ብዬ የማልኩትም እኔ ነኝ። በምን ፊቴ ልምጣ?

እማዬን ሳሚልኝ። ማብሪያ ማጥፊያዋንም ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ ካኩ


ኤንሎዋ፣ ጁን 14፣ 1998

አንተ ካኩ፣

ሰላምታህ ደረሰን፤ አንተም ሰላም ሁን። ሹፌሩን አትስደብ። እሱ እንኳ በየሳምንቱ ኤንሎዋ ይመጣል።

የጠየቅኸውን በተራ ልመልስ። የኔ ንግድ ደህና ነው፤ ካሳቫ እፍቃለሁ፣ ለአቼኬ እነፋለሁ፣ ምግቡን ገበያ እሸጣለሁ፣ ወገቤን ያመኛል። ሌላ ባል አላገባሁም፣ አላገባምም፤ ይህን ጥያቄ ለራስህ አቅርበው። እማዬ ምን አለች መሰለህ? «እኔ ወንድ ልጅ ነበረኝ፣ ብረት አግብቶ ቀረ። ምራቴ አትወልድ፣ አትሞት፣ ሐይቅ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።» አያ ኤርዛ አጎታችንን ሳቅ አነቃቸው፤ ውኃ አጠጣናቸው።

እግሯ ያብጣል፣ ይጎድላል። ዓይኗ ግን ደህና ነው። አንተ የዘረጋህላት ሽቦ እንዳለ ነው፤ ማብሪያውም አለ። በየምሽቱ ከመተኛቷ በፊት ትጫነዋለች፤ ቀጭ፣ ቀጭ። «ምን ታደርጊያለሽ?» ስላት «ሲመጣ እንዳልደነግጥ እጄን እያለማመድኩ ነው» ትላለች። ጠዋት ሲሆን ደግሞ ሻሿን ትሰቅልበታለች። ለሻሽማ ጥሩ መስቀያ ወጥቶታል።

አሁን ያለችኝን ልጻፍ፤ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ አንድ ቃል ብቀይር በዱላዋ ትመታኛለች። እንዲህ በይው አለች፦ «ካኩ፣ መብራት አልጠየቅሁህም። መልክህን በጨለማም አልረሳሁትም። ና። መሐላውን እኔ ከሰው ጋር እጨርሳለሁ፣ አፍ አለኝ።» አፍ እንዳላት አንተም አትክድም። አያ ኤርዛም ናና ግባ ብለውሃል።

እህትህ አቤንለማ


ቴማ፣ ጁላይ 5፣ 1998

እትዬ፣

የእማዬን ቃል ስንቴ እንዳነበብኩት አትጠይቂኝ። ግን እሺ ማለት አቃተኝ። አያ ኤርዛ ናና ግባ ብለውኛል አልሽ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እሳቸው ይቅር ይበሉ እንጂ ጀልባውን ከአሸዋው አንስቶ ድንጋይ ላይ የሚያስር ዓሳ አስጋሪ ምን ይለኛል? ትንሽ ታገሱኝ። ቀርቧል።

ቀኑ ተቆርጧል፤ ኦገስት 29። ፈረንጆቹ «ለሰፈራችሁ የሚመች ቀን ምረጥ» አሉኝ። በሕይወቴ አንድ ቀን የጠየቀኝ ሰው ተገኘ! ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። የኩንዱም በዓላችን ከምሥራቅ ተነስቶ ከተማ በከተማ እየተቀባበሉት ወደ እኛ ይመጣል፤ የኛ ሳምንት ኦገስት ማለቂያ ሳይደርስ ያልፋል። ከበዓሉ በፊት ከበሮ ዝም፣ ጩኸት ዝም፣ ልቅሶ ዝም በሚባልበት ወቅት ያቺን ማሽን ማስጮህ ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። አንዱ ፈረንጅ «ሰው ቢሞትስ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ክልክሉ እስኪነሳ አልሞተም» አልኩት። የቀለድኩ መሰለው፣ ሳቀ። ስለዚህ በዓሉ አልፎ፣ ሰው ጠግቦ ዘፍኖ ሲያበቃ ትጮኻለች። ደግ አላሰብኩም?

ለእማዬ ንገሪያት። የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ በርጩማዋን ደጅ አውጪና ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙረሽ አስቀምጫት። ድምፁን ስትሰማ ገብታ ማብሪያዋን ትጫን። እኔ ማግስቱን አሸዋው ላይ ነኝ።

እግሯን በኮኮናት ዘይት እሺልኝ።

ካኩ


ኤንሎዋ፣ ኦገስት 2፣ 1998

ካኩ ወንድሜ፣

ለመዘግየቴ ይቅርታ። ሰሞኑን እንግዳ በዝቶብን ነበር፤ አጎቶች፣ አክስቶች፣ ከአክሲምም የመጡ አሉ። አሁን ወደየቤታቸው ተመልሰዋል።

ስለ እግሯ ጠይቀሃል። እግሯ አሁን አያማትም። እንቅልፏም ጥሩ ነው። አንተንም አልተቆጣችህም፤ ይህን በእርግጠኝነት ልነግርህ እችላለሁ።

ይልቅ ስለ ቀኑ ስማኝ። ቆጠራህ የድሮ ቆጠራ ነው። ከኛ በፊት ያለው ከተማ በአለቃ ውርስ ተጣልቶ በዓሉን አዘገየው፤ የኛም ተገፍቶ ሴፕቴምበር ገባ። ኦገስት 29 ክልክሉ መሀል ላይ ይውላል። አያ ኤርዛ «ልጄ ይህን ስህተት እንዳይሠራ፣ ቶሎ ጻፊለት» ብለውኛል። ስድስት ዓመት ሰፈርህን ሳታይ ስትቀር እንዲህ ነው፤ ቀኑ እንኳ ካንተ ይሸሻል። ልቆጣህ ብዬ አይደለም። እባክህ አስቁማት።

እህትህ


ቴማ፣ ኦገስት 14፣ 1998

እትዬ፣

ለመንኩ። ተለማመጥኩ። ልንበረከክ ምንም አልቀረኝም ነበር። ዘይት የሚጭነው ጀልባ በኪራይ ተይዟል፣ የአበዳሪዎቹም ሰው የአውሮፕላን ትኬት ቆርጧል፤ ቀኑ አይነቃነቅም አሉኝ። «መጀመሪያ ቀኑን የሰጠኸን አንተ ነህ» ይሉኛል። አያ ኤርዛ እግር ላይ ውደቂልኝ። የሚቀጡኝን በግ ከነአረቄው እከፍላለሁ። መብራቱ ከበራ ሰው ይቅር ይለኛል፣ አይመስልሽም?

አሁን አንድ ነገር። እማዬ በመጨረሻው ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ቃል የላትም። ሁልጊዜ ጠርዙ ላይ እንኳ አንድ ስድብ ታስጽፍብኝ ነበር። አኩርፋ ከሆነ ንገሪኝ፣ አልሞትም። አሟት ከሆነም ንገሪኝ። «እግሯ አያማትም» ብለሽ ደስ አሰኘሽኝ፣ ከዚያ ማታ ተጋድሜ ሳስበው ደስታዬ ጠፋ፤ ለምን እንደጠፋ አላውቅም። ዛሬ እንኳ አንዲት ቃል ተቀበያትና ላኪልኝ።

ማብሪያውን ራሷ ትጫን። አደራ፣ ሌላ ሰው እንዳይቀድማት።

ካኩ


ኤንሎዋ፣ ኦገስት 21፣ 1998

ካኩ፣

አጭር ነው ብለህ አትቀየመኝ፤ ሹፌሩ ቆሞ እየጠበቀ ነው።

እማዬ አኩርፋህ አይደለም። ቃል ግን አልላከችልህም። በርጩማዋን አወጣለሁ፣ እንዳልከው ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረዋለሁ። ማብሪያውን እኔ እጫናለሁ። ለምን እንዳትለኝ።

በደንብ ብላ። ብቻህን አትዋል።

አቤንለማ


ቴማ፣ ኦገስት 31፣ 1998

እትዬ፣

ወሬው በሬዲዮ ደርሶኛል። ዞራለች። ሁለት ሰዓት ያህል ያለ እንከን ዞራለች፤ ፈረንጆቹ ተጨባብጠዋል፣ ፎቶ ተነስተዋል። መብራቱን ግን ወደ ሰፈር አላሳለፉትም። የመስመሩ መሥሪያ ቤት «ማንም ሳይፈርምልኝ ማከፋፈያውን አልከፍትም» ብሎ ቁልፉን ይዞ ሄደ አሉ። ለኔ ይህን አልነገሩኝም፣ በእናቴ! ሙከራ ማለት ማሽኗ ለራሷ መጮኋ ብቻ እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። አሁን ደግሞ «መሥራቷ ስለተረጋገጠ ጥሩ ዋጋ ታወጣለች» እያሉ ገዢ ይፈልጉላታል። ሊጎትቷት ነው፣ እትዬ።

እማዬ ተጫነችው? ምን አለች? ስደቢልኝ ብላ ከሆነ ስድቡን ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። ብቻ ጻፊልኝ። እዚህ ሰው መሀል ሆኜ ሰው ናፈቀኝ።

ካኩ


ኤንሎዋ፣ ሴፕቴምበር 15፣ 1998

ካኩ፣ ወንድሜ፣

ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ።

ትናንት በዓሉ ሲያበቃ የልቅሶው ክልክል ተነሳ፤ አፋችን ተከፈተ። እማዬ ሞታለች። ክልክሉ በገባ በማግስቱ፣ ጁላይ 27 ጠዋት ነው። ውኃ ስጪኝ አለችኝ፣ ይዤ ስመለስ አልጠበቀችኝም። በዋዜማው ማታ ማብሪያዋን ተጭና «ዛሬም ልምምድ ነው» ብላ ተኝታ ነበር። አልተሰቃየችም። እሱን አልዋሸሁህም፤ እንዲያውም አንድም ውሸት አልጻፍኩልህም፣ ተመልሰህ አንብባቸው።

የዚያኑ ዕለት ጠቅልለን በሹፌሩ መኪና አክሲም ሆስፒታል፣ ሬሳ ክፍል አስገባናት። ደብዳቤ የማይጥለው ሹፌር ነው የወሰዳት፤ ሒሳብ አልተቀበለኝም። ከዚያ አያ ኤርዛ ሰበሰቡንና «አልሞተችም» አሉን። ለካኩ ብንጽፍለት ያለቅሳል፣ አልቅሶም ይመጣል፣ እዚህም መጥቶ ያለቅሳል አሉ። ቃል አስገቡኝ። ለሳቸውም እኮ እህታቸው ናት! አፋቸውን በኩታቸው ይዘው ነበር የሚያወሩት።

ካኩ፣ ዝም ማለት ቀላል ይመስላል። ገበያ ስወጣ ሰው ሁሉ «እናትሽ እንዴት ናት?» ይለኛል። ያውቃል። እኔም እንደሚያውቅ አውቃለሁ። «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። አቼኬ እመዝናለሁ፣ መልስ እሰጣለሁ፣ እስቃለሁም። ልቅሶዬ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ካሳቫ ይፍቃል። ያንተ ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ «ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙረሽ አስቀምጫት» ይላል። እንዴት እንዳልገደለኝ ነው የሚገርመኝ።

አሁን ስለጠየቅኸኝ ቀን ልንገርህ። ቃሌን ጠብቄ በርጩማዋን አውጥቼ አስቀመጥኩት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዶሮዋ ጀመረች። አንተ እዚያ ማሽን መሀል ስለምትውል አይገርምህም፤ እኛ ግን ምድር የተከፈተች መሰለን። ድስት ከመደርደሪያ ወደቀ። ሕፃናት ጆሯቸውን ይዘው ሮጡ። አያ ኤርዛ ደጅ ወጥተው «አቁሙ!» እያሉ በትራቸውን ይወዘውዛሉ፤ አፋቸው ሲከፈት አያለሁ፣ ድምፃቸው የለም። ያኔ ነው የገባኝ። የሳቸው ድምፅ ካልተሰማ የኔም አይሰማም።

ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ሻሿ እንዳለ ማብሪያው ላይ ነበር፤ በላዩ ላይ ተጫንኩት። አልበራም። ከዚያ ጮህኩ፣ ካኩ። እማዬ ብዬ፣ በስሟ፣ በአባቷ ስም፣ በሙያዋ፣ በአመሏ እየጠራሁ አለቀስኳት። ደረቴን መታሁ፣ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። የገዛ ራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማሁትም። እስኪመሽ ድረስ አለቀስኳት፤ ዶሮዋ ጮኸችልኝ።

ከዚያ ዶሮዋ ሳታስጠነቅቅ፣ በአንድ ጊዜ ዝም አለች። እኔ ግን ገና ዝም አላልኩም ነበር። አፌን በእጄ ስይዝ ሌላ ልቅሶ ሰማሁ። የኔ አልነበረም። ከግድግዳው ማዶ ጎረቤታችን አዝማ ነበረች፤ ጨቅላዋን ክልክሉ በገባ ሳምንት ያጣችው፣ «ተኝቷል» ስትለን የከረመችው። ከወደ አሸዋውም ወፍራም የወንድ ልቅሶ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባም ሌላ። አንድ ትንፋሽ ያህል ሰፈሩ በሙሉ ሲያለቅስ ተያዘ። ከዚያ ሁሉም ዋጠው።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ማሽኗ ቅጣት ተጣለባት፤ በጉን ባንተ ስም ጽፈዋል። «ሌላ የሰማችሁት ድምፅ አለ?» ተብሎ ተጠየቀ። አያ ኤርዛ ተነስተው «ከማሽን በቀር ምንም አልሰማንም» አሉ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ማንም አልተቃወመም።

በበዓሉ ላይ ተዘፍኖብሃል፤ ለሐሜት ፈቃድ የሚሰጥበት ቀን ነው፣ ምን ይደረግ። እንዲህ ይላሉ፦

የካኩ ዶሮ ጮኸች፣ ሰፈሩን አናጋች፣
እንቁላሉስ ብንል፣ ቴማ ነው አለች።

ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። አዝማ ግን አልሳቀችም። ጆሮዬ ውስጥ «ወንድምሽን አመስግኚልኝ» አለችኝ። ይኸው አመሰገንኩህ።

ቀብሯ ሴፕቴምበር 26 ነው። ያለ ልጇ አፈር አናለብሳትም ብለዋል። አያ ኤርዛ «በአሸዋው በኩል ማለፍ ከከበደው በኮኮናቱ ዛፎች ውስጥ፣ በጓሮ በኩል አስገባዋለሁ፤ ያኔ መሐላውን አልሰበረም» ብለዋል። አስበውልህ ነው። ና፣ ካኩ። መብራት አልጠየቀችህም ነበር።

አቤንለማ


ቴማ፣ ሴፕቴምበር 20፣ 1998

እትዬ አቤንለማ፣

አልተቀየምኩሽም። መጀመሪያ ይህን እወቂልኝ። ደብዳቤዎችሽን ተመልሼ አነበብኳቸው፤ እውነትሽን ነው፣ አልዋሸሽኝም። ሁሉንም ነግረሽኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

እዚህ ማደሪያችን ውስጥ በአንድ ክፍል ስድስት ወንዶች ነን። የሚለቀስበት ቦታ የለም። ስለዚህ ትናንት ፈረቃዬ ሳይሆን ገባሁና ከትልቁ ተርባይን ሥር ቆምኩ። የጆሮ መሸፈኛዬን አወለቅኩ። አንቺ ያደረግሽውን አደረግሁ። የፈረቃው ኃላፊ አፌን አየ፣ ምን እንደምል ግን አልሰማም፤ ትከሻዬን መታ አድርጎ አለፈ። ስድስት ዓመት ከማሽን ጋር ስኖር ለምን እንደሚጠቅም ገና ትናንት ገባኝ።

አያ ኤርዛን አመስግኚልኝ። በኮኮናቱ በኩል ግን አልገባም። ሐሙስ እመጣለሁ። ሐሙስ ማንም ባህር አይገባም፤ ጀልባውን ድንጋይ ላይ የሚያስረውም፣ ዘፈኑን ያወጣብኝም ሁሉም አሸዋው ላይ ነው። መሐላዬን የሰሙት እነሱ ናቸው፣ ስሰብረውም እነሱ ይዩኝ። ከሐይቁ እስከ ቤታችን በመሀላቸው እሄዳለሁ። የፈለጉትን ይዝፈኑ። በጉን ከመንገድ እገዛለሁ።

መብራት አልያዝኩም። ባዶ እጄን ነው የምመጣው። ሹፌሩን ከፊት ወንበር ቦታ ያዝልኝ ብዬዋለሁ።

እስክደርስ ሻሿን ከማብሪያው ላይ አታንሺው።

ካኩ